የሁለት ሰዓት መንገድ፣ የሦስት ዓመት ጉዞ

የዋሽንግተን ካፒታልስ ወጣት ተጫዋቾች የሚበስሉባት ሄርሺ እና የትዕግሥት ዋጋ

ዋሽንግተን ካፒታልስ የተባለው የበረዶ ሆኪ ክለብ የሰሜን አሜሪካ ሆኪን ታላቅ ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው ከተመሠረተ ከ44 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2018 ላስ ቬጋስ ላይ ነው። በዚያ ምሽት የካሜራው ሁሉ ዐይን ያረፈው በአምበሉ በአሌክሳንደር ኦቬችኪን ላይ ነበር። ይገባዋልም፤ ከ2004 ጀምሮ የክለቡን ተስፋ በትከሻው ተሸክሞ የቆየው እሱ ነው። የቡድኑን ስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው ላነበበ ሰው ግን ሌላም ታሪክ አለ። ግብ ጠባቂው ብሬደን ሆልትቢ፣ ተከላካዮቹ ጆን ካርልሰን፣ ዲሚትሪ ኦርሎቭና ክርስቲያን ጁስ፣ አጥቂዎቹ ጄይ ቢግል፣ ቻንድለር ስቲፈንሰንና ያኩብ ቭራና፣ ሁሉም ወደ ዋሽንግተን የገቡት በአንዲት ትንሽ የፔንሲልቬኒያ ከተማ በኩል አልፈው ነው። ከተማዋ ሄርሺ ትባላለች።

ከሄርሺ እስከ ዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ለወጣት ሆኪ ተጫዋች ግን ይኸው መንገድ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይፈጃል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን መንገድ ነው፤ ማን እንደሠራው፣ በላዩ የሚጓዙት ምን እንደሚማሩበትና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል።

መሰላሉ እንዴት ነው የተሠራው?

በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ቁንጮ ኤንኤችኤል ነው፤ 32 ክለቦች አሉት። ክለቦቹ በየዓመቱ ድራፍት በሚባለው ሥርዓት በሰባት ዙር ወጣቶችን ይመርጣሉ። አብዛኞቹ ተመራጮች ገና የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ማልያ ይለብሳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ታላቁ ሜዳ በቀጥታ የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ወደ ካናዳ የታዳጊዎች ሊግ፣ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወይም ወደ አውሮፓ ክለቦቻቸው ይመለሳሉ። ሲጎለምሱ የሚጠብቃቸው ኤኤችኤል ነው።

ኤኤችኤል በ1936 የተመሠረተ ሊግ ነው። እሱም 32 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱም ከአንድ የኤንኤችኤል ክለብ ጋር በውል የተሳሰረ ነው። ከሥሩ ደግሞ ኢሲኤችኤል የሚባል ሌላ እርከን አለ። ዛሬ በኤንኤችኤል ከሚጫወቱት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ገደማ በኤኤችኤል ያለፉ ናቸው። ሊጉ ይህንን ለአጋጣሚ አልተወውም። አንድ ቡድን ለጨዋታ ከሚያሰልፋቸው 18 የሜዳ ተጫዋቾች ቢያንስ 12ቱ፣ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር የፕሮፌሽናል ልምዳቸው ከ260 ጨዋታ ያልበለጠ መሆን አለበት፤ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ደግሞ ከ320 ጨዋታ ያልበለጠ። ለአንጋፋዎች የሚቀረው ቦታ አምስት ብቻ ነው። ወጣት ተጫዋች ዕድል የሚያገኘው በአሰልጣኙ ቸርነት ሳይሆን በደንብ ተጽፎ ነው።

ዋንጫ የለመደች ትንሽ ከተማ

ሄርሺ ወደ 14 ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። የቆረቆራት የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤቱ ሚልተን ሄርሺ ነው። ልጅ ያልወለዱት ሚልተን ሄርሺና ባለቤቱ በ1909 ለወላጅ አልባ ሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሀብታቸውንም ለዚያው አወረሱ። የከተማዋን የመዝናኛ ፓርክ፣ ሆቴሎችና የሆኪ ቡድን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ዛሬም ንብረትነቱ ለዚሁ ትምህርት ቤት የተቋቋመው አደራ ነው። በዚህች ከተማ የቸኮሌቱም የሆኪውም ገቢ መጨረሻው የልጆች ማሳደጊያ ነው ማለት ይቻላል።

ሄርሺ ቤርስ ኤኤችኤልን የተቀላቀለው በ1938 ነው። ከዚያ ወዲህ ሳያቋርጥ በመጫወት በሊጉ የሚስተካከለው የለም። የሊጉን ዋንጫ ካልደር ካፕን 13 ጊዜ ወስዷል፤ ይህም ከሁሉም ክለቦች የበለጠ ነው። የቅርቦቹ የ2023 እና የ2024 ናቸው። በ2002 የተከፈተው አዳራሹ 10,500 ያህል ሰው ይይዛል፤ ከከተማዋ ነዋሪ አብዛኛውን ማስቀመጥ ይችላል እንደማለት ነው። ደጋፊዎቹ በዓመት አንድ ቀን፣ ቡድናቸው የመጀመሪያዋን ግብ ሲያስቆጥር፣ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ አሻንጉሊቶችን ወደ በረዶው ይወረውራሉ። በጃንዋሪ 2025 የተወረወረው 102,343 ነበር። ለታችኛው ሊግ ክለብ እንዲህ ያለ ሕዝብ በሌላ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቤርስ የዋሽንግተን ንብረት አይደለም። ከ2005 ጀምሮ ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ውል ነው። ዋሽንግተን ወጣቶቿን ትልካለች፤ ፍላጎቷም እንዲያድጉላት ነው። ሄርሺ ደግሞ የራሷ ባለቤት፣ የራሷ ታሪክ፣ ዋንጫ የለመደ የራሷ ሕዝብ አላት፤ የምትፈልገው ማሸነፍ ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ልጅ እንዲማር ከተፈለገ ሽንፈት መቻል አለበት፤ ማሸነፍ ከተፈለገ ደግሞ አንጋፋው ይሰለፍ ይባላል። የሄርሺ ታሪክ የሚያሳየው ግን ማሸነፍን መልመድ ራሱ ዋነኛው ትምህርት መሆኑን ነው። ሽንፈት ምንም በማያስከፍልበት ሜዳ ያደገ ልጅ ውጥረት ባለበት ሜዳ ይርዳል።

በ2023 የካልደር ካፕ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ፣ ሄርሺ ኮቼላ ቫሊ ፋየርበርድስን በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፈበትን ግብ ያስቆጠረው ማይክ ቬኪዮኒ የ30 ዓመት ሰው ነበር። በዚያው ቡድን በ2019 የተመረጠው ኮነር ማክማይክልና በ2020 የተመረጠው ሄንድሪክስ ላፒየር ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ሄርሺ ዋንጫውን ሲደግም የማጣሪያው (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረገው የዋንጫ ምዕራፍ) ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ላፒየር ነው። ማክማይክል ደግሞ በ2024-25 ለካፒታልስ 26 ግቦች አስቆጠረ። እሱም በሄርሺ ያለፈው አሊያክሴ ፕሮታስ በዚያው ዓመት 30 አስቆጥሯል፤ ፕሮታስ በድራፍቱ 91ኛ የተመረጠ ልጅ ነው።

ሆልትቢና ቢግል

ብሬደን ሆልትቢ በ2008 በአራተኛው ዙር፣ 93ኛ ሆኖ ተመረጠ። ለግብ ጠባቂ መጠበቅ ከማንም ይከብዳል፤ አንድ ቡድን አንድ ግብ ብቻ ነው ያለው፣ ዋናው ግብ ጠባቂ ከቆመ ሌላው ተቀምጦ ያያል። ሆልትቢ በዋሽንግተን ተቀምጦ ከማየት ይልቅ በሄርሺ ቆሞ ተመታ፤ ገባበት፣ በማግሥቱ እንደገና ቆመ። የዋናውን ቡድን ቦታ በእጁ ያስገባው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በ2015-16 በአንድ የውድድር ዘመን 48 ጨዋታ አሸንፎ በወቅቱ የነበረውን ክብረ ወሰን ተጋራ፤ የዓመቱ ምርጥ ግብ ጠባቂም ተባለ። በ2018 የማጣሪያው መጀመሪያ ላይ ቦታውን በሌላው ግብ ጠባቂ በፊሊፕ ግሩባወር ተነጥቆ ተቀመጠ። ሲጠራ ግን ተመልሶ ቡድኑን እስከ ዋንጫው አደረሰው። ተቀምጦ መጠበቅን፣ ሲጠሩት ዝግጁ ሆኖ መገኘትን የተማረው በሄርሺ ዓመታቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጄይ ቢግል ታሪክ ከዚህም ይገርማል። ቢግልን በድራፍት የመረጠው ክለብ የለም። በ2007 ከአይዳሆ ቡድን ጋር የኢሲኤችኤልን ዋንጫ ወሰደ። በ2009 እና በ2010 ከሄርሺ ጋር ካልደር ካፕን አነሣ፤ የ2009-10 ቡድን በመደበኛው ውድድር 60 ጨዋታ በማሸነፍ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረ ነው። በ2018 ደግሞ ስታንሊ ካፕን ጨበጠ። ሦስቱንም እርከን በእግሩ ወጥቶ የሦስቱንም ዋንጫ ያነሣ ሰው ነው። ቢግል ብዙ ግብ አስቆጣሪ አልነበረም። የእሱ ሥራ የተቃራኒን ኮከብ መቆለፍ፣ ፓክን (የሆኪዋን ዲስክ) በሰውነት መመከት፣ ጨዋታ ሲጀመር ፓኳን መንጠቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሙያ የ18 ዓመት ልጅ አይወደውም። ሰው የሚማረው የቡድን ቦታ የሚገኝበት ብቸኛ በር እሱ መሆኑ ሲገባው ነው።

መሰላሉ የሚያሳድገው ተጫዋች ብቻም አይደለም። የ2018ቱ ዋና አሰልጣኝ ባሪ ትሮትዝ በ1994 ከፖርትላንድ ጋር ካልደር ካፕን ያሸነፈ ሰው ነው። ብሩስ ቡድሮ በ2006 ሄርሺን ለዋንጫ አብቅቶ በኖቬምበር 2007 ወደ ዋሽንግተን ተጠራ፤ በዚያው የውድድር ዘመን የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። የዛሬው አሰልጣኝ ስፔንሰር ካርበሪ በኤንኤችኤል ተጫውቶ አያውቅም። በሳውዝ ካሮላይና ጀምሮ በሄርሺ አልፎ የመጣ ነው፤ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ሽልማትን በ2014 በኢሲኤችኤል፣ በ2021 በኤኤችኤል፣ በ2025 በኤንኤችኤል ተቀብሏል። ልጆቹን የሚያሠለጥናቸው ሰው እነሱ የሄዱበትን መንገድ በልቡ ያውቀዋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ዋሽንግተን ሁልጊዜ ታጋሽ ነበረች ማለት አይደለም። በ2012 በአሥራ አንደኛ ቦታ ፊሊፕ ፎርስበርግ የተባለ ስዊድናዊ ልጅ መረጠች። ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 2013፣ ለዚያው ዓመት ማጣሪያ ልምድ ያለው አጥቂ አስፈለጋትና ልጁን ለናሽቪል ሰጥታ ማርቲን ኤራትንና ማይክል ላታን ወሰደች። ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ፤ ኤራትም በቀጣዩ ዓመት ልቀቁኝ ብሎ ሄደ። ፎርስበርግን ግን ናሽቪል አንድ ዓመት በሚልዋኪ፣ በኤኤችኤል አስቀመጠችው። በ2014-15 ሲወጣ 26 ግቦች አስቆጠረ፤ ዛሬ በናሽቪል ታሪክ ከሁሉ በላይ ግብ ያስቆጠረ ተጫዋች ነው። ዋሽንግተን የሄርሺን በር ይዛ ሳለ ልጁን በሌላ ሰው ደጅ አሳደገችው።

የተቃራኒው ስሕተትም አለ። ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ወጣቶቹን በኤኤችኤል ክለቡ በግራንድ ራፒድስ ከበቂ በላይ እስኪበስሉ ማቆየትን መርሕ አድርጎ ይታወቅ ነበር። ዘዴው ለረጅም ጊዜ ፍሬ ሰጠ፤ ክለቡ 25 ዓመት በተከታታይ ማጣሪያ ገባ። የላቁ ልጆች ከድራፍቱ መምጣት ሲያቆሙ ግን ትዕግሥቱ ብቻውን አላዳነውም፤ ከ2016 በኋላ ዓመት በዓመት ከማጣሪያ ውጭ ሆነ። ማቆየት ያለውን ያበስላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ደንቡም ገደብ አለው፦ የተወሰነ ዓመትና ጨዋታ ያለፈውን ተጫዋች ወደ ታች ለመላክ የሚፈልግ ክለብ በቅድሚያ ለሌሎች ክለቦች ያለ ዋጋ ማቅረብ ይኖርበታል። ስለዚህ ጠባቂው ክለብም ሰዓት ይቆጠርበታል።

ዋጋውን የሚከፍሉት

ስለ ሆልትቢና ቢግል መጻፍ ቀላል ነው። አብዛኛው የሄርሺ ተጫዋች ግን ሆልትቢ አይሆንም። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ደረጃ ውል ይፈርማሉ፤ ላይ ሲጠሩ የላይኛውን ደመወዝ፣ ታች ሲመለሱ የታችኛውን ይቀበላሉ። በ2024-25 የኤንኤችኤል ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 775 ሺህ ዶላር ነበር፤ የታችኛው ክፍያ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስልክ ሲደወል ሻንጣ ይዞ መሮጥ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መምጣት፣ ቤት በየትኛው ከተማ እንደሚከራዩ አለማወቅ፣ ልጅ ያለውም ትምህርት ቤት መቀያየር አለበት። ክለብ ትዕግሥት ሲል ገንዘብና ጊዜ ማለቱ ነው፤ ተጫዋቹ ትዕግሥት ሲል ግን የሚከፍለው ከገዛ ወጣትነቱ ነው። ሥርዓቱን በቅንነት የሚመዝን ሰው ያልደረሱትንም መቁጠር አለበት።

አሁን ደግሞ መንገዱ ራሱ እየተቀየረ ነው። በካናዳ ታዳጊ ሊግ የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መጫወት ተከልክሎ ኖሯል፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ክልከላው ተነሥቷል። ከካናዳ ታዳጊ ሊግ የተመረጠ ልጅ ኤንኤችኤል ካልገባ እስከ 20 ዓመቱ ወደዚያው ሊግ የመመለስ ግዴታም ነበረበት። በ2026 በሚጀምረው አዲሱ የኤንኤችኤል የሠራተኛ ስምምነት ግን እያንዳንዱ ክለብ አንድ የ19 ዓመት ተጫዋች ወደ ኤኤችኤል እንዲልክ በር ይከፈታል። ለበሰለው ልጅ መልካም ዕድል ነው። ሆኖም የ30 ዓመት ጎልማሶች ወደሚጋጩበት ሜዳ ልጅን ቀድሞ ማስገባት ማሳደግ ነው ብሎ የሚያስብ ክለብ በፎርስበርግ ላይ የተሠራውን ስሕተት በሌላ መልኩ ይደግማል። ውሳኔው በልጁ ዝግጁነት እንጂ በክለቡ ችኮላ እንዳይሆን አሰልጣኞችና ወኪሎች አጥብቀው መቆም አለባቸው።

ፍርዴ ይህ ነው። የሄርሺ ሥርዓት የሚሠራው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ስላለው ነው፦ ወጣቱን በደንብ የሚጠብቅ ሊግ፣ ማሸነፍን የሚጠይቅ ሕዝብ፣ መንገዱን ራሱ የሄደበት አሰልጣኝ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የሚቀረው መጋዘን እንጂ ማሳደጊያ አይሆንም። የካፒታልስ ባለሥልጣናት ከቤርስ ጋር ያላቸውን ውል እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ዋና ሀብታቸው ይያዙት። ሊጉም የታችኛውን ደመወዝ ከፍ በማድረግ፣ ላልደረሱት ደግሞ ትምህርትና ሙያ በማመቻቸት የትዕግሥቱን ዋጋ ይጋራ።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ በርካታ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችሁ ይህን ክለብ በትምህርት ቤት፣ በጎረቤት፣ በባቡር ላይ ሲያዩት ያድጋሉ። ወደ ትልቁ አዳራሽ መውሰድ ባትችሉ አንድ ቅዳሜ ወደ ሄርሺ ውሰዷቸው። በ18 ዓመቱ ማንም ያልመረጠው ሰው በ32 ዓመቱ ስታንሊ ካፕን እንዳነሣም ንገሯቸው።