ስለ ሕመምተኛና ስለ አስታማሚው

ሐኪም ይህ ደዌ ከእንግዲህ አይድንም ያለ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ያለቀ የሚመስለው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። እኛ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ሥራ ከፊተኛው ይበልጣል እንላለን፤ ይኸውም ሕመምተኛው ሥቃዩ ቀሎለት በክብር ከወገኖቹ ጋራ እንዲሰነባበት ማድረግ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ እመቤት፤ አስቀድሞ ነርስ ኋላም ሐኪም ሆነው፤ ይህን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ አደረጉት። በ1948 ዓ.ም. (አቈጣጠሩ ሁሉ የአውሮፓ ነው) ዴቪድ ታስማ የሚባል ከፖላንድ የመጣ ስደተኛ በነቀርሳ ሲሞት፤ ለተመካከሩበት ቤት መስኮት እንዲሆን 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው። ቤቱ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ተብሎ በሎንዶን የተከፈተው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያም የሥቃይ ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጣል እንጂ ሕመምተኛው እስኪጮኽ አይጠበቅም። በአፍ የሚጠጣው ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይታዘዛል፤ ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ ይሰጣል። በኡጋንዳ በ2004 ዓ.ም. ለዚህ የተማሩ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ተፈቅዷል። በአዲስ አበባም በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ወደ ሕመምተኞች ቤት እየላከ ሲያስታምም ቆይቷል።

በአገራችን የደዌውን ስም ከሕመምተኛው መሰወር እንደ ርኅራኄ ይቈጠራል። እርሱ ግን ካስታማሚዎቹ ፊት አንብቦ ዐውቆታል፤ እነርሱ እንዳያዝኑ ብሎም ዝም ይላል። እንዲህ ሲደባበቁ ለነፍስ አባቱ የሚናዘዝበት፤ ለልጆቹም ርስቱንና ዕዳውን የሚናገርበት ጊዜ ያልፋል። ከዐርባው ቀን በኋላ ወንድማማች የሚካሰሱበትን መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ምን ያህል ማወቅ ይወዳሉ ብሎ ይጠይቀው፤ እንደ ፈቃዱም በቀስታ ይንገረው።

አስታማሚዋስ? አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ልጅ ወይም ሚስት ናት። ሌሊት ስትገላብጥና ስታጥብ ታድራለች፤ ቀን ለጠያቂ ቡና ስታፈላ ትውላለች። (ጠያቂውም ከሕመምተኛው ይልቅ ከጎረቤቱ ጋራ ሲጨዋወት ይታያል።) አንባቢዎቻችን ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ አንድ ሌሊት ተክተዋት ቢያድሩ፤ ወይም የታመነ ሰው ቢልኩላት፤ ከብዙ ስንቅ ይሻላታል። በየጊዜው ሕመምተኛ የሚሞትባቸው ነርሶችም ዕረፍትና ኀዘናቸውን የሚሰማቸው አለቃ ያሻቸዋል።

በመጨረሻዎቹ ቀኖች እህል መተው የሞት መቅረብ ምልክት እንጂ ያስታማሚዋ ጥፋት አይደለም። መዋጥ ላቃተው ሰው አጥሚት በግድ ማጠጣት ትን ያስብላል፤ ከንፈሩንና አፉን በእርጥብ ጥጥ ማራስ ይበቃዋል።