የስኳር በሽታ መጠን በየአገሩ ስለ ምን ይለያያል?

የስኳር በሽታ በዘመናችን የሰውን ልጅ ጤና ክፉኛ ከሚፈታተኑት ደዌዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ማለትም ከዘጠኝ ሰዎች አንዱ፣ ይህ በሽታ ነበረባቸው። ይሁን እንጂ በሽታው በሁሉም አገር በእኩል መጠን አይገኝም። የዕድሜ ልዩነት ታስቦ ሲሰላ በፓኪስታን ከሦስት አዋቂዎች አንዱን፣ በኩዌት ከአራት አንዱን ገደማ ሲይዝ፣ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ግን የሚይዘው ከ20 ሰዎች አንዱን ያህል ነው። ይህን የመሰለ ሰፊ ልዩነት ከምን ሊመጣ እንደ ቻለ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

የምንበላው ምግብ በሆድ ዕቃችን ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ለሰውነት ኃይል እንዲሆን የሚያደርገው፣ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በሽታው በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓይነት በአብዛኛው በልጅነት የሚጀምርና ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን የሚያቆምበት ሲሆን፣ በዚህኛው ከዓለም ቀዳሚውን ስፍራ የያዘችው ፊንላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን እስከ ተገኘበት ጊዜ ድረስ ይህ ዓይነት በሽታ የያዘው ሕፃን የመዳን ተስፋ አልነበረውም። ሁለተኛው ዓይነት ግን ኢንሱሊን እያለ ሥራውን በሚገባ መሥራት ሲሳነው የሚመጣ ነው። ከሕሙማኑ መካከል ከመቶ ዘጠናው የሚሆኑት የዚህ ዓይነት ተጠቂዎች ስለሆኑ፣ በአገሮች መካከል የሚታየው ልዩነት በይበልጥ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ናውሩ የተባለችው የፓሲፊክ ደሴት ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሕዝቧ ዓሣ በማጥመድና ፍራፍሬ በመልቀም ይኖር ነበር። ነፃነቷን እ.ኤ.አ. በ1968 ካገኘች በኋላ ከፎስፌት ማዕድን ሽያጭ ብዙ ሀብት ገባላት። መረቡ ተሰቀለ፤ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና የቆርቆሮ ሥጋ በመርከብ ይመጣ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1975 በተደረገው ምርመራ ከአዋቂው ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የስኳር በሽታ እንዳለበት ታወቀ።

ምናልባት ይህ የዘር ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የፒማ ሕዝብ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ፒማዎች በጊላ ወንዝ መስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወንዙ ውሃ በሌሎች ሰፋሪዎች ስለ ተጠለፈ እርሻቸው ደረቀ፤ ኑሯቸውም ከውጭ በሚመጣ ዱቄት፣ ስኳርና ስብ ላይ ተመሠረተ። በሜክሲኮ ተራሮች የቀሩት ዘመዶቻቸው ግን በቆሎና ባቄላ እየተመገቡ በጉልበታቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው በሽታው በአሪዞናዎቹ ዘንድ ከመቶ 38፣ በሜክሲኮዎቹ ዘንድ ከመቶ 7 ያህል ነበር። የዘር ሐረጋቸው የተቀራረበ ሲሆን ኑሯቸው ለያያቸው።

ወደ አካባቢያችን ሰዎች ስንመለስም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ከየመን ወደ እስራኤል የገቡት አይሁድ በመጡበት ጊዜ በሽታውን አያውቁትም ለማለት ይቻል ነበር፤ በዚያ ለረጅም ዓመታት በተቀመጡት ላይ ግን በብዛት ታየ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በብዛት ወደዚያው የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያንም ከገጠር ኑሮ ወደ ከተማ ኑሮ በገቡ ጊዜ የደረሰባቸው ይኸው ነው።

ይህ ሲባል ግን የትውልድ ድርሻ የለም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የደቡብ እስያ ሰዎች ብዙ ሳይወፍሩ በበሽታው ይያዛሉ። ደግሞም የአፍሪካ ቁጥር አነስተኛ ሆኖ መታየቱ ሊያዘናጋን አይገባም። በዚሁ ክፍለ ዓለም ከሕሙማኑ ከግማሽ የሚበልጡት በሽታቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ። ያልታወቀ በሽታ ደግሞ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን በዝምታ ይጎዳል።

ደስ የሚያሰኘው፣ ኑሮ ያመጣውን ኑሮ ሊያርመው መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊንላንድ፣ በ2002 ደግሞ በአሜሪካ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች ምግባቸውን አስተካክለው፣ ክብደታቸውን ጥቂት ቀንሰው አካላቸውን ሲያንቀሳቅሱ አደጋው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መድኃኒት ሳይሆን በቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድና ስኳርና ቅባት የበዛበትን ምግብ መቀነስ ነው።

ስለዚህ የውሃ ጥም የጸናበት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያስቸግረው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ወይም ቁስሉ አልድን ያለው ሰው፣ ወታደርም ይሁን የከተማ ነዋሪ፣ ሳይውል ሳያድር ደሙን ቢያስመረምር ይበጀዋል። ምልክት ያልታየበትም ቢሆን፣ ከቤተ ሰቡ በሽታው ያለበት ሰው ካለ ወይም ክብደቱ ከጨመረ መመርመሩን አይናቅ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነውና።