ያልመጣውን ፍለጋ

በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ባለሙያ ምን ይዞ ይወጣል? ከደምቢያ እስከ ቡታጅራ ያለው ታሪክ መልስ አለው።

በ2000 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2016 ቁጥሩ 26 ደረሰ፤ በ2019 ደግሞ 48። ይህን እውነት ከማዋለጃ ክፍል መዝገብ ላይ ማግኘት አይቻልም። መዝገቡ የሚያውቀው ደጁን የረገጡትን እናቶች ነው። የቀሩት የት ወለዱ? ማን አዋለዳቸው? ለምን ቀሩ? መንገዱ ርቆባቸው ነው፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጥተው፣ ወይስ ጎረቤታቸውን አመናጭቀው እንደመለሷት ሰምተው?

ነርሱ፣ አዋላጇ፣ ጤና መኮንኑ ወይም ሐኪሙ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሲወስኑ የሚገቡት ወደዚህ ጥያቄ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራቸው ፊታቸው የተቀመጠውን ታማሚ ማከም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያልመጣውንም የመፈለግ ኃላፊነት ይጨመርባቸዋል። የትምህርቱ ክብርም ክብደቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወባ ያስተማረው ትምህርት

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሙያ የተወለደው ከመከራ ነው። በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም የሚሠሩት በከተማ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአሜሪካ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ድጋፍ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ጎን ለጎን አሠለጠነ። አንዱ ሲያክም፣ ሌላዋ እናቶችንና ሕፃናትን ስትከታተል፣ ሦስተኛው ምንጭ ሲያጎለብትና መጸዳጃ ሲያስቆፍር፣ ቡድኑ የወረዳውን ሕዝብ በሙሉ እንዲይዝ ታስቦ ነበር።

የዚያ አስተሳሰብ ትክክለኛነት ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ትንኟን ወደ ከፍተኛ ቦታዎች አወጣት። ወባን ያልለመዱና የመከላከል አቅም ያላዳበሩ ደገኞች ረገፉ፤ 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙና 150 ሺህ እንደሞቱ ተገምቷል። እንዲህ ያለውን እልቂት የቱንም ያህል ጎበዝ ሐኪም በአንድ ክፍል ተቀምጦ አይገታውም። ዝናቡን፣ ከፍታውን፣ የሕዝቡን አኗኗርና የትንኟን እርባታ አገናዝቦ የሚያነብ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊትም የሚያስጠነቅቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከስንቱ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብሩን በ1984 ጀመረ። ዛሬ ጎንደርና ጅማን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ኤፒዲሚዮሎጂን፣ ባዮስታቲስቲክስን፣ የሥነ ተዋልዶ ጤናን፣ ሥነ ምግብን፣ የአካባቢ ጤናንና የጤና አገልግሎት አስተዳደርን ያስተምራሉ። ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ፣ ቀጣዩ በመመረቂያ ጥናት ያልፋል።

በኮርሱ ዓመት ተማሪውን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው “ከስንቱ?” ብሎ መጠየቅን መልመዱ ነው። ሁለት ጤና ጣቢያዎችን እናስብ። አንዱ በወር 80 የወባ ሕሙማንን መዘገበ፤ ሌላው 40። መድኃኒትና አጎበር ቀድሞ የሚላከው ለየትኛው ነው? ለ80ው ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው 40 ሺህ ሕዝብ፣ ሁለተኛው 4 ሺህ ሕዝብ የሚያገለግል ከሆነ፣ በመጀመሪያው ከሺህ ሰው 2፣ በሁለተኛው ከሺህ ሰው 10 ታሟል ማለት ነው። አምስት እጥፍ የከፋው አነስተኛ ቁጥር የጻፈው ነው። ይህን ስሌት ያልለመደ ኃላፊ በቅን ልቦና ተነሥቶ መድኃኒቱን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይልከዋል። ብዙ ተማሪዎች የሚፈሩት ባዮስታቲስቲክስ የፍትሕ ትምህርት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የጥቂቶች መንደር በብዙኃን ቁጥር እንዳይዋጥ ይጠብቃል።

ቡታጅራ፦ ቤት ለቤት የተገኘ እውነት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቡታጅራ ዙሪያ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በ1986 አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው ተቆጠረ። ከዚያም ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየተመላለሱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ይመዘግቡ ጀመር። ልደትና ሞት በአብዛኛው ወረቀት ላይ በማይሰፍርበት አገር የአንድ ሕፃን ሞት ከቤተሰቡ ኀዘን አልፎ የአገር እውቀት የሚሆነው እንዲህ ሲመዘገብ ነው። በዚህ መሠረት ላይ ከአንድ ትውልድ በላይ ተመራማሪዎች ተቀርጸዋል፤ የልጆች ሞት፣ የእናቶች ጤና፣ የአእምሮ ሕመም ተጠንቶበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት በ2005 ባወጣው የበርካታ አገሮች ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያን የወከለችው ቡታጅራ ነበረች። ከተጠየቁት ባለትዳርና አጋር የነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው በባላቸው ወይም በወንድ አጋራቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ብዙዎቹ ደፍረው ፖሊስ ጣቢያም ጤና ጣቢያም የሚሄዱ አልነበሩም። የሠለጠነች ሴት ጠያቂ ቤታቸው ሄዳ፣ ሌላ ጆሮ በሌለበት፣ በአክብሮት ስለጠየቀቻቸው ተናገሩ። ተማሪዎች አሰልቺ የሚሉት የሥነ ምግባር ፈቃድና የምስጢር ጥበቃ ደንብ ዋጋው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ እሱ እውነቱ ከቤት አይወጣም።

ጥያቄው ከአገር ቤት

ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡም ከቀደሟቸው የሚማሩት አለ። በጆንስ ሆፕኪንስ የተማሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና፣ ምርምራቸው ከዚያ ተነሥቶ ዓለም አቀፍ እውቅና አገኘ። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ ሲማሩ የያዙት ጥያቄ የትግራይ ነበር። በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት፣ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በሰባት እጥፍ ገደማ በወባ እንደሚያዙ አሳየ። ድርቅን ለመቋቋም የተሠራ ግድብ ሌላ በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል ለማወቅ፣ ከመስኖ ባለሙያው ጋር አብሮ የሚያስብ የጤና ባለሙያ አስፈለገ።

በመስክ መማር ለሚሻ በ2009 የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናም አለ። ሠልጣኙ ከጊዜው ሦስት አራተኛውን የሚያሳልፈው ወረርሽኝ እየመረመረና የክትትል መረጃ እየተነተነ ነው።

ጥናቱ የማን ነው?

ዛሬ ትልቁ ስጋት ዲግሪው የደረጃ እድገት ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ርዕስ ከሌላ ጥናት ተቀድቶ የወረዳው ስም ብቻ ሲለወጥ፣ ተማሪው መጠይቁን ለተቀጣሪ መረጃ ሰብሳቢዎች ሰጥቶ እሱ ከተማ ሲቀር፣ ውጤቱም ከዲፌንስ በኋላ መደርደሪያ ላይ ሲተኛ፣ ጊዜዋን ሠውታ የቤቷን ምስጢር የተናገረች ሴት ተበድላለች።

ስለዚህ ለመማር የምትዘጋጁ ሆይ፣ የመግቢያ ፈተናውን ከማጥናታችሁ ጎን ለጎን የምትሠሩበትን ወረዳ አጥኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከየትኛው ጎጥ ሰው እንደማይመጣ ጠይቋት፤ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ጥያቄያችሁን ከዚያ አንሡ። መጠይቁ ሲሞላ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት በእግራችሁ ሂዱ፤ መልሱን በጆሯችሁ ስሙ። ስትጨርሱም ውጤቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለቀበሌው አስረዱ፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም አስረክቡ። ወረዳው በጀት ሲይዝ የእናንተን ጥናት ከጠቀሰ፣ ሁለቱ ዓመታት ለእናንተም ለሕዝቡም ፍሬ አፍርተዋል።