«ጎ» ማለት «ሄደ» ማለት ነውን?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከእንግሊዝኛ ግሥ ጋር የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ቃልና በጎኑ በሰፈረ የአማርኛ ፍቺ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ፍቺ ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግሥን የሚያሰፍረው በኃላፊ ጊዜ፣ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ተባዕት ስለሆነ፣ «ሄደ» የሚለው ቃል ድርጊቱ ማለፉንም አድራጊው «እሱ» መሆኑንም ባንድ ላይ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው «ጎ» ግን ጊዜም አድራጊም ያልታከለበት ግንድ፣ ማለትም ሌሎቹ ቅርጾች የሚነሡበት መሠረተ ቃል ነው። «ጎ» «ሄደ» ነው የተባለ ልጅ፣ ከወራት በኋላ «ዌንት»ም «ሄደ» ነው ሲባል ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለዚህ ግንድ ከፍቺ ይልቅ የሚሻለው መግቢያ ትእዛዝ ነው። አማርኛ «ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ተቀመጡ» እያለ ሲለያይ እንግሊዝኛ ለሁሉም «ሲት» ብቻ ስለሚል፣ ግንዱ ምንም ሳይጨመርበት ከነትርጉሙ ይገኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ «ጃምፕ» ሲባል የሚዘል ልጅ ቃሉን ከድርጊቱ ጋር ያለ አማርኛ አማላጅ ያገናኘዋል፣ እየዘለለ ሳለም «ሂ ኢዝ ጃምፒንግ» ቢባል፣ «እየዘለለ ነው» የሚለውን በዓይኑ ያየዋል።

አስቸጋሪው በ«ሂ ጃምፕስ» ውስጥ ያለችው «ስ» ናት። ተመራማሪው ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሦስት ሕፃናት እንኳ «ኢንግ»ን ቀድመው ሲይዙ «ስ»ን ዘግይተው እንደያዙ አሳይቷል። እንግዲህ «ሂ ጃምፕ» ባለ ሕፃን ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማንሣት ችኮላ ነው።

በኃላፊ ጊዜ ደግሞ ጽሕፈቱ አንድ ሆኖ ድምፁ ሦስት ነው፤ መጨረሻው በ«ዎክት» «ት»፣ በ«ፕሌይድ» «ድ»፣ በ«ዎንትድ» ደግሞ ራሱን የቻለ ቀለም ስለሚሆን፣ ልጁ ከመጻፉ በፊት በጆሮው ሊለየው ይገባል። ተመራማሪዋ ጂን በርኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው ጥናት፣ «ሪክ» የሚል የፈጠራ ግሥ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ ልጆች አቅርባ ትናንት የሆነውን እንዲናገሩ ስትጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ሰምተውት የማያውቁትን «ሪክት» መልሰዋል፤ ሕጉን አውጥተዋል እንጂ ቃሉን አልሸመደዱም ማለት ነው። «ዌንት» ለማለት «ጎድ» የሚል ልጅም የሚሠራው ይህንኑ ስለሆነ፣ መምህሩ ሳይቆጣ «የስ፣ ሺ ዌንት» ብሎ ትክክለኛውን ቢያሰማው ይበቃል።

«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያሉ በዜማ ማስደገሙ ግን፣ ሦስተኛው ቅርጽ የሚገባበት ዐረፍተ ነገር ገና ሳይመጣ «ጎን»ን ከአማርኛው ጎን ጋር ከማምታታት በቀር ለሰባት ዓመት ልጅ የሚፈይደው የለም፤ እስከ ላይኞቹ ክፍሎች ሊቆይ ይችላል።