እንዴት ይሠራል? የብርቱካናማዎቹን ኮከብ አስቀድሞ መጥራት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከቀትር በኋላ ሱቆች ተዘግተው ድሬ ስታርፍ፣ ከዚራ ዛፎች ሥርም ሆነ ሳቢያን ቡና ቤት በር ላይ አንድ ክርክር አይጠፋም። ዘንድሮ ለድሬዳዋ ከተማ ማን ያበራል? አንዱ አዲስ የፈረመውን አጥቂ ይጠራል። ሌላው ካምና የቀረውን አማካይ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አቦ፣ ተዉኝ! በረኛው ነው የሚያድነን» ብሎ ይቆርጣል። ሊጉ ገና አልተጀመረም፣ ሁሉም ግን እርግጠኛ ነው። ይህ እርግጠኝነት ከምን ይሠራል? የሚይዘውስ መቼ ነው?

ከደቂቃ እንጀምር። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ 2,700 ደቂቃ ማለት ነው። ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ቢችል፣ ከዚህ ውስጥ 900 ደቂቃ ብቻ ከተሰለፈ ስሙ በዓመቱ መጨረሻ የሚነሣው «ቢጫወት ኖሮ» በሚል ቁጭት ነው። ስለዚህ ጎበዙን ከመፈለግ በፊት የሚሰለፈውን መፈለግ ይቀድማል። በቦታው ስንት ተፎካካሪ አለበት? አምና በጉዳት ስንት ሳምንት ተቀመጠ? ካርድ ይወድዳል? ያስፈረመው አሠልጣኝ ራሱ ነው ወይስ ከቀድሞው የተረከበው? ሦስት አጥቂዎች ለአንድ ቦታ በሚታገሉበት ቡድን ውስጥ ከሦስቱ አንዱን መጥራት ሎተሪ ነው። ተፎካካሪ የሌለበት የግራ ተከላካይ ግን ጉዳት ካልያዘው 2,000 ደቂቃ ማለፉ አይቀርም። ስሙ ጠረጴዛው ላይ ሲነሣ ሰው ይስቃል እንጂ፣ በሒሳብ ከሄድን ሞኙ የሚስቀው ነው።

ከትልቅ ክለብ ተጠባባቂ ወንበር የመጣ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ያታልላል። ስሙ ከክለቡ ጋር ተያይዞ ገንኗል፣ እግሩ ግን ዓመት ሙሉ ሙሉ ጨዋታ አልጨረሰም። እኔ የምመርጠው ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ወራት ላይ ደቂቃው እየጨመረ የሄደውን የ21 ወይም የ22 ዓመት ልጅ ነው። አሠልጣኝ የሚያምነውን በአፉ ከሚናገረው ይልቅ በአሰላለፉ ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማየት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አውስትራሊያዎች ይረዱናል። በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ ኳሱ ሞላላ የሆነ የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። የሊጋቸው ትልቁ የግል ሽልማት የብራውንሎው ሜዳልያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ይሰጣል። መራጮቹ የሜዳ ዳኞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ለሦስት ተጫዋቾች 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣሉ፣ ድምሩ በዓመቱ መጨረሻ ይገለጣል። የእነሱም ደጋፊ ውድድሩ ሳይጀመር የክለቡን ኮከቦች ሲተነብይ ይከርማል። ታሪኩን ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ይገባዋል፦ በአብዛኛው የሚያሸንፉት አማካዮች ናቸው። ተከላካዮች ደካማ ስለሆኑ አይደለም። ዳኛው የሚሮጠው ኳሱን ተከትሎ ነው፣ ኳሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያዘወትረው አማካዮቹን ነው።

የእኛም ዓይን ኳሱን ይከተላል፣ ኳሱ የት እንደሚበዛ ደግሞ በቡድኑ አቋም ይወሰናል። ስለዚህ ከደቂቃ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቡድኑ ዓመቱን እንዴት ያሳልፋል የሚለው ነው። ለሻምፒዮንነት የሚጫወት ቡድን ኮከቡ አጥቂ ወይም አማካይ ይሆናል። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ግን 90 ደቂቃ ይከበባል፣ በረኛው በየጨዋታው አምስት ስድስት ኳስ ያወጣል፣ ቴሌቪዥኑም እሱን ደጋግሞ ያሳያል። ያ «በረኛው ነው የሚያድነን» ያለው ሰው እንግዲህ ሳያስበው ሁለት ነገር ተንብዮአል፤ የበረኛውን መድመቅና የቡድኑን መከራ። ይህን ሲነግሩት ይቆጣል።

አሁን ወደ ግብ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። አንድ አጥቂ በችሎታው ልክ በዓመት 10 ግብ የሚያገባ ነው እንበል። ችሎታው ሳይጨምር ሳይቀንስ ያንኑ ዓመት ደጋግሞ ቢጫወተው፣ የዕድል ሒሳቡ እንደሚለው በግምት ከአራት ዓመት በሦስቱ ግቡ ከ7 እስከ 13 ባለው መካከል ይወድቃል። በቀረው ከዚያም ይርቃል። ሰውየው ያው ነው። 7 ያገባ ዓመት «ገንዘባችንን በላው» ይባላል፣ 13 ያገባ ዓመት ግን ለብሔራዊ ቡድን ካልተጠራ ብለን እንጮኻለን። አምና የደመቀው ዘንድሮ ደብዘዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ስለሰነፈ ሳይሆን አምና ዕድልም ስላገዘው ነው። ስለዚህ አምና ከፍተኛ ግብ ያገባውን መጥራት ካማረን ቁጥሩን ትንሽ ቀንሰን እንጥራ።

ፍፁም ቅጣት ምቱንም መለየት ያስፈልጋል። በዓለም ደረጃ ከአራት ፍፁም ቅጣት ምቶች ሦስቱ ያህል ግብ ይሆናሉ። 10 ግብ ያለው አዲስ ፈራሚ አራቱን ከ11 ሜትር ያገባ ከሆነ፣ እዚህ ደግሞ መቺው ሌላ ሰው ከሆነ፣ የገዛነው ባለ 6 ግብ አጥቂ ነው።

ሕልማችንን የሚያባብሱት ትልልቆቹ ቁጥሮች ናቸው። ኋላ ድሬዳዋ ከተማን ያሠለጠነው ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል 24 ግብ አገባ። ያን ክብረ ወሰን ጌታነህ ከበደ ለደደቢት በ25 ግብ የሰበረው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ 16 ዓመት ቆየ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አገባ፣ ያውም ክለቦቹ 13 ብቻ በነበሩበትና አንድ ቡድን 24 ጨዋታ ባደረገበት ዓመት። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለው በጣት ይቆጠራል። የእኛ ጠረጴዛ ግን በየዓመቱ አንድ 20 ግብ የሚያገባ አጥቂ ይወልዳል።

ድሬ ላይ ደግሞ ሥራውን የሚያከብድ የራሱ ነገር አለ። የሀገራችን ተጫዋቾች ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ደጋፊው በየክረምቱ ግማሽ የሚሆነውን ቡድን እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ይካሄዳል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በተራ አስተናግደዋል። ተራው ሲደርስ የድሬዳዋ ስታዲየም ይሞላል፣ ካልደረሰ ቡድኑን የምናየው በቴሌቪዥን ነው። ካሜራው ኳሱን እንጂ ኳስ የሌለውን ተጫዋች አያሳይም። ከኋላ ሆኖ ጓደኞቹን የሚያሰልፈው፣ ክፍተት የሚዘጋው ተከላካይ ከትንበያችን የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጨዋታዎቹ በአንድ ከተማ ተከማችተው በአጭር ቀን ልዩነት ሲመጡ ደግሞ ሳንባና የጭን ጡንቻ ከጥበብ እኩል ዋጋ ያገኛሉ። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በድሬ ሙቀት የሚሮጥ ሁሉ ሐዋሳ ላይ ያንኑ አይሮጥም፤ በተቃራኒውም እንዲሁ።

ልምምድ አይቶ መፍረድም አለ። ልምምድ ላይ ማንም ማንንም አጥብቆ አይገጥምም፣ ስለዚህ ኳስ የሚያንቀረቅብ ልጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ከልምምድ ለተመለሰ ሰው ትንበያ እኔ የምሰጠው ግማሽ ዋጋ ነው።

የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ የራሱ ቡድን በነበረው ዘመን የነበሩት ደጋፊዎች ተጫዋቾቻቸውን በማወቅ በኩል ታድለው ነበር። እንደ ዛሬው የዝውውር ገበያ አልነበረም፣ ልጆቹን ከዓመት ዓመት ያውቋቸዋል። ያ ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ሲካሄድ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፏል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአምበልነት ያነሣው ሉቻኖ ቫሳሎም የዚያው ቡድን ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል። ድሬ ላይ ስለ ኮከብ መከራከር የትናንት ነገር አይደለም። እንዲያም ሆኖ አዋቂ መሆን ብቻ አያድንም። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ሁለት እዚሁ ስታዲየማችን ሲደረግ ዛየር የመጣችው የዋንጫው ባለቤት ሆና ነበር። ድሬ ላይ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተመለሰች። ከዚያው ምድብ የወጣችው ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች፣ አህመድ ፋራስም የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ሰው መጠየቅ ይሻላል፣ ግን ለየብቻ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ በተባለች ከተማ በአንድ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች የአንድ በሬ ሥጋ ታርዶ ሲጸዳ ስንት እንደሚመዝን ገንዘብ ከፍለው ገመቱ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ ምሁር 787 ወረቀቶችን ሰብስቦ ሲደረድር መካከለኛው ግምት 547 ኪሎ ገደማ ሆነ። የበሬው ሥጋ 543 ኪሎ ገደማ ነበር። ነገሩ የሠራው እያንዳንዱ የራሱን ግምት በየወረቀቱ ስለጻፈ ነው፤ የአንዱ ስሕተት ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ሄዶ ተጣፋ። በእኛ ጠረጴዛ ግን መጀመሪያ የጮኸው ሰው የቀሩትን ይጎትታቸዋል፣ ከዚያ በኋላ አሥር ሰው ቢኖርም ያለው አንድ ግምት ነው። ደግነቱ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ወጣቱ ሽማግሌውን «ተሳስተሃል» ለማለት አያፍርም። ይህ ጠባይ ለትንበያ ትልቅ ሀብት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ አድርጉ። ክርክሩ ሳይነሣ፣ ማንም ስም ሳይጠራ፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ተጫዋቾች በወረቀት ይጻፍ፤ ለመጀመሪያው 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ነጥብ። ከየስሙ አጠገብ ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ ይገምት። ድምሩን ቡና ቤቱ ውስጥ ለማንም የማያዳላ ሰው ካገኛችሁ እሱ ይያዝ። ከመጀመሪያው ጨዋታ ፊሽካ በኋላ የመጣ ወረቀት አይቆጠርም፤ የአጎት ልጁን የጻፈም እንደዚያው።