የዳግም አረቄ አቀማመስ በቁስቋምና በጎንደር ዙሪያ

ቁስቋም ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ኮረብታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ የተቀመጠው ጀምስ ብሩስም የዊስኪ አገር ሰው፥ ስኮትላንዳዊ ነበረ። በዚህ ደጋ አረቄ የሚወጣው በየቤቱ፥ በሴቶች እጅ ነው። የተማረው ሰው ግን «ያቃጥላል» ከማለት በቀር ስለ ጣዕሙ ሲናገር እምብዛም አይሰማም፤ ይህም አረቄን በዊስኪ ሚዛን ከመመዘን የመጣ ይመስላል።

ዊስኪ ቀማሽ አጥብቆ የሚመረምረው የበርሜሉንና የዘመኑን ሥራ ነው። ለዚህ የሕንዱ አምሩት መልካም ምሳሌ ይሆናል። በባንጋሎር ከብቅል ገብስ ብቻ የሚወጣው ይህ ዊስኪ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበው በስኮትላንድ፥ በግላስጎው ከተማ ነበረ፤ ድፍረቱ የሚደነቅ ነው። በስኮትላንድ ከበርሜል በዓመት ተንኖ የሚጠፋው 2 በመቶ ያህል ሲሆን፥ በባንጋሎር ሙቀት 10 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የሕንዱ በጥቂት ዓመት ይበስላል።

ዳግም አረቄ ግን በርሜል አያውቅም። ጌሾና ብቅል ተጠንስሶ፥ የዳጉሳ ወይም የሌላ እህል ቂጣ ተጋግሮ ይጨመርበታል፤ ድፍድፉ ሲደርስ ተጥዶ፥ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ይህ ተራ አረቄ ነው፤ እንደ ገና ተጥዶ የወጣው ዳግም ይባላል፥ የአልኮሉም መጠን 45 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በመለኪያው ውስጥ ያለው እህሉ፥ ጢሱና የአውጪዋ እጅ ብቻ ነው።

ቀማሹ ባንድ ትንፋሽ ከመጨለጥ አስቀድሞ ያሽትተው። በመጀመሪያ የተጋገረ እህል ሽታ፥ ቀጥሎ የጌሾ ምሬት ሊያገኝ ይችላል። ጥቂት ውሃ ጠብ ቢያደርግበት ብርታቱ ይበርድና የተሸፈነው ሽታ ይወጣል። በጢስ ረገድ ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። እንስራው በወይራ ከታጠነ ጢሱ ለስላሳ ነው፤ እሳቱ በዝቶ ድፍድፉ ከታች ካረረ ግን ጉሮሮ የሚከረክር የማረር ሽታ ይመጣል። የፊተኛው ጌጥ፥ የኋለኛው የችኰላ ጉድለት ነው። የአንዳንዱ የስኮትላንድ ዊስኪ ጢስ ከዚህ ይለያል፤ የሚመጣው ብቅሉ ከረግረግ በተቆፈረ ማገዶ ሲደርቅ ነውና።

አረቄን በእሳት ላይ አንጠባጥቦ መንደዱን ማየት ስለ ብርታቱ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ጣዕሙ ምስክር አይሆንም። ስለ ጤናም አይመሰክርም። ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ እንዲሁ ይነድዳል፥ በምላስም ሆነ በአፍንጫ አይለይም። በንጹሕ የእህል አረቄ ውስጥ ሜታኖል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ የሚያሰጋው ከውጭ የሚደባለቀው አልኮል ነው፤ ከዚህም ጠጪውን የሚጠብቀው አውጪዋን ማወቁ ነው። ጠጪው ብርታትን ብቻ የጠየቀ እንደ ሆነ ግን፥ እሳቱን አብርዳ ቀኑን ሙሉ ከመቃው አጠገብ የምትቀመጠው ሴት ድካሟን የሚከፍላት አታገኝም።