ከሞተር እስከ ጎማ፦ የመኪና ጉልበት የት ይለካል?

የመኪና ሊብሬ ሲገለጥ የፈረስ ጉልበት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ገዢውም ሻጩም ደላላውም ቁጥሯን አይተው ያልፋሉ፤ «ይህ ጉልበት የት ላይ ተለካ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። መጠየቅ ነበረብን። ምክንያቱም አንድ መኪና ሁለት ጉልበት አለው፤ አንዱ ከሞተሩ የሚወጣው፣ ሌላው ጎማው ዘንድ ደርሶ አስፋልቱን የሚገፋው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል። ሊብሬው ላይም ሆነ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው፤ ዳገት የሚያወጣን ሁለተኛው ነው።

«የፈረስ ጉልበት» የሚለው አለካክ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ከፈረስ ሥራ ጋር እያነጻጸረ ሲሸጥ ነው። ዛሬ በጃፓንና በአውሮፓ መኪኖች ላይ የምናየው አንድ የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ የማንሳት አቅም ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ቋንቋ 735.5 ዋት ይሆናል። የእንግሊዞቹ ትንሽ ከፍ ብሎ 746 ዋት ገደማ ነው።

መለኪያው መሣሪያ ዳይናሞሜትር ይባላል። በጋራዥ ቋንቋ «ዲናሞ» የምንለው ባትሪ የሚሞላውን ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱ፤ ዳይናሞሜትር የጉልበት ሚዛን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚሽከረከረውን ነገር በፍሬን ያዘው፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደታገለ መዝነው፣ ፍጥነቱን ቁጠር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ በ1821 ያደረገው ይህንኑ ነው። በሚዞረው ዘንግ ላይ የእንጨት መቆንጠጫ አጥብቆ፣ ከመቆንጠጫው በወጣ ረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ክብደት ሰቀለ። ክንዱ ሚዛኑን ሲጠብቅ የዘንጉ የማዞር ኃይል ታወቀ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ የሞተርን ጉልበት «የፍሬን የፈረስ ጉልበት» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1877 ደግሞ ዊልያም ፍሩድ ለትልልቅ የመርከብ ሞተሮች በእንጨቱ ፋንታ ውኃ እንዲታገል አደረገ። እንጨት ይቃጠላል፤ ውኃ ግን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ፋብሪካዎች ሞተሩን ከመኪናው ለይተው እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ይለኩታል። እዚህ ላይ ለረጅም ዘመን የዘለቀ ማጋነን ነበር። አሜሪካኖች እስከ 1971 ድረስ የሚያስተዋውቁት የራቁቱን ሞተር ጉልበት ነበር፤ የመኪናው ማርሚታ፣ የአየር ማጣሪያውና ቬንትሌተሩ ሳይገጠሙ የተለካውን። በ1972 ሁሉም ተገጥሞ ይለካ ሲባል ቁጥሩ ወረደ። ባለ 8.2 ሊትሩ ካዲላክ ኤልዶራዶ በ1971 365 የፈረስ ጉልበት ሲባል ቆይቶ በ1972 235 ተባለ። ሞተሩ በአንድ ሌሊት አልደከመም፤ የተለወጠው የአለካኩ ሕግ ነው።

ይህ ግን ገና የሞተሩ ጉልበት ነው። ጎማው ዘንድ ለመድረስ በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮ፣ በዲፈረንሻልና በየኩሽኔታው በኩል ማለፍ አለበት። ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ፣ ማርሽ ዘይቱን ሲያማታ፣ ጎማው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ጥቂት ጥቂት ይቀራል። የቀረው የትም አልጠፋም፤ ሙቀት ሆኗል። አንድ መቶ የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር 15ቱ በመንገድ ቀሩ እንበል። ይህ 11 ኪሎዋት ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜ የተለኮሱ ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች ማለት ነው። ረጅም ዳገት የጨረሰ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ለምን በእጅ እንደማይነካ ከዚህ ይገባናል። ዘይቱን በወቅቱ መቀየር ለምን ግዴታ እንደሆነም ጭምር።

ጎማ ላይ የሚደርሰውን ለመለካት መኪናውን ማፍረስ አያስፈልግም። መኪናው ወለል ውስጥ በተቀበሩ ትልልቅ የብረት ከበሮዎች ላይ ይወጣል፣ በጠንካራ ቀበቶ ይታሰራል፣ ነጂውም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል። ጎማው ከበሮውን ያዞራል፤ መኪናው ካለበት አይነቃነቅም። በአንደኛው ዓይነት መሣሪያ ከበሮው በጣም ከባድ ነው። ክብደቱና ቅርጹ ስለሚታወቅ ምን ያህል ፈጥኖ እንደተነሣ ቆጥሮ ጉልበቱን ማስላት ይቻላል። በሌላው ዓይነት ከበሮውን በመግነጢስ ወይም በውኃ ፍሬን ይይዙታል፤ የፕሮኒ ሐሳብ በአዲስ ልብስ መጣ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር እዚህ አለ። አንደኛ ማርሽ ሲገባ መኪናው የበረታ ይመስላል፤ እውነትም ጎማው ላይ የሚደርሰው የማዞር ኃይል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ጉልበቱ ግን አይጨምርም። ጉልበት የማዞር ኃይልና የፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ ማርሹ ለኃይሉ የሰጠውን ያህል ከፍጥነቱ ይወስዳል። የሞተሩን ጉልበት ከጎማው ጋር ማስተያየት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ በመንገድ የሚቀረው ስንት ነው? መካኒኮች «15 በመቶ ደምርበት» ይላሉ። ለግምት ያህል ይሁን፤ ለማስረጃ ግን አይበቃም። ከሚባክነው ከፊሉ ጭነት ሲጨምር የሚጨምር ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ፍጥነትን ብቻ የሚከተል ነው። በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ተጨማሪ ማርሾች አሉት። የጎማው ነፋስ ሲጎድል ወይም የታሰረበት ቀበቶ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ያው መኪና ያነሰ ያወጣል። ስለዚህ ጎማ ላይ ከተለካው ተነሥቶ የሞተሩን ጉልበት በእርግጠኝነት የሚነግርህን ሰው አትመነው። የተለካው ጎማው ነው፤ ሌላው ስሌት ነው።

ያም ሆኖ የጎማው ሚዛን ትልቅ ኩባንያን አሳምኗል። ፎርድ የ1999ን ማስታንግ ኮብራ 320 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ሸጠ። ባለቤቶቹ መኪኖቻቸውን ከበሮ ላይ ሲያወጡ የጎደለው በካምቢዮና በዲፈረንሻል ከሚቀረው በላይ ሆነ፤ አቤቱታቸውን አሰሙ። ፎርድ ሽያጩን አቁሞ መኪኖቹን ጠራ፤ የአየር ማስገቢያውን፣ የጭስ ማውጫውንና የሞተሩን ኮምፒውተር አስተካከለ። ተራ ደንበኛ በሚዛን ተከራክሮ ሲረታ ማየት ደስ ይላል።

ለእኛ ግን ከካምቢዮውም የሚበልጥ ወሳጅ አለ፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲሳሳ የሚያቃጥለው ነዳጅም ይቀንሳል። በየመንገዳችን የምናየውን የመጀመሪያውን ባለ 1.0 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ እንውሰድ። ፋብሪካው የሰጠው 70 የፈረስ ጉልበት ነው። በአዲስ አበባ አየር ሲሰላ ወደ 52 ይወርዳል፤ ጎማው ዘንድ ሲደርስ 45 ያህል ነው። አምስት ሰው ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚያቃስት ቪትዝ ታሟል ማለት አይደለም። ያው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ነፍስ የሚዘራውም ሹፌሩ ስለመሰለው ሳይሆን አየሩ ስለወፈረ ነው።

የዳይናሞሜትር ኮምፒውተሮች ይህን ለማካካስ የአየሩን ግፊትና ሙቀት አይተው ውጤቱን ወደ ባሕር ወለል ይመልሱታል። ለተራው ሞተር ስሌቱ ጠቃሚ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የሳሳውን አየር ራሱ አምቆ ጉድለቱን በአብዛኛው ስለሚሞላ፣ ይህ ማካካሻ በላዩ ሲደመርበት ያልነበረ ጉልበት ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ከፍታ ላይ ለሚለካ ሰው ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው።

መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ ጣጣ ብዙውን ያመልጣሉ፤ ሞተራቸው አየር አይተነፍስም፣ አብዛኞቹም ማርሽ አይቀያይሩም። የጥርስና የጎማ ፍትጊያ ግን ለእነሱም አይቀርም።

ለመኪና ባለቤቶች የምለው ይህን ነው። መኪናህ በዳይናሞሜትር ከተለካ ወረቀቱን ስትቀበል ወደ ባሕር ወለል ያልተመለሰውንም ቁጥር አብረህ ጠይቅ። ጥገና ካስደረግህም ያንኑ መኪና በዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው ማርሽና በእኩል የጎማ ነፋስ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ አስለካው።